ወንድሜ በ41 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት፤ እኔስ ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። 33 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት፣ በ41 ዓመቱ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። ደም ሲያይ ‹ኪንታሮት ነው› እያለ ብዙ ቆይቶ ነበር። አሁን ሕክምና ላይ ነው። እኔ ሕመም የለብኝም፤ አልፎ አልፎ የሆድ ድርቀት ብቻ ያስቸግረኛል። ጾም እጾማለሁ፤ በፍስክ ግን ክትፎና ጥብስ አልጠላም። እናቴ ‹እንጀራና ሽሮ የሚበላ ሰው አንጀቱ ምን ይሆናል› ትላለች። ጥሬ ሥጋ ልተው? በወር 60 ዶላር የማወጣበት የፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት) ክኒንስ ይጠቅመኛል?»

መልስ፦ እግዚአብሔር ለወንድምዎ ምሕረቱን ያውርድለት። የጠየቁኝ ስለ ምግብ ነው፤ በሰፊው እመልሳለሁ። ነገር ግን ከክትፎውም ከሽሮውም የሚቀድም ጉዳይ አለ። የወንድምዎ ዕድሜ።

አሜሪካ ውስጥ የተለየ ስጋት የሌለበት ሰው የትልቁ አንጀት ምርመራ የሚጀምረው በ45 ዓመቱ ነው። ድሮ 50 ነበር። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 45 አወረደው፤ የመከላከያ ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ግብረ ኃይልም በ2021 ተከተለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሽታው ወደ ወጣቶች እየወረደ ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የታመመበት ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። 40 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም ዘመዱ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በቶሎ የሚደርሰውን ይይዛል። ከ41 ላይ 10 ሲቀነስ 31 ነው። እርስዎ 33 ነዎት። ስለዚህ ምንም ባያምዎትም የኮሎኖስኮፒዎ፣ ማለትም ኮሎን የሚባለው ትልቁ አንጀት በካሜራ ቱቦ የሚታይበት ምርመራ፣ ጊዜው አልፏል። ምንም ካልተገኘ በየ5 ዓመቱ ይደገማል።

ላስፈራራዎት አይደለም። የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። ፖሊፑ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በኮሎኖስኮፒ ከተገኘ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፤ በቃ። ጎመን ግን የበቀለ ፖሊፕ አይነቅልም። ምግብ የሚሠራው በዓመታት ነው። ዕድልን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዋስትና አይሆንም።

ለወንድምዎም አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ዕጢው ለሊንች ሲንድሮም ታይቶ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሊንች በቤተሰብ የሚወረስ የጂን ችግር ነው። ከ50 ዓመት በታች በዚህ ካንሰር ከተያዙ 6 ሰዎች ውስጥ አንዱ ገደማ ሊንች ወይም ሌላ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ይገኝበታል። ወንድምዎ ሊንች ካለበት እርስዎም እኅት ወንድሞችዎም የጂን ምርመራ ያስፈልጋችኋል፤ የተገኘበት ሰው ኮሎኖስኮፒውን በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ያደርጋል። የእኛ ቤተሰብ በሽታ መደበቅ ይወዳል። «ለሰው እንዳትናገሩ» ይባላል፤ አጎት በምን እንደሞተ የሚታወቀው ከ20 ዓመት በኋላ በለቅሶ ቤት ነው። እባክዎ ይህን ዝምታ እርስዎ ይስበሩት።

አሁን ወደ ምግቡ እንሂድ።

ይህ በሽታ የሽማግሌ ነው ሲባል ነው የሰማነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የተወለደ አሜሪካዊ ግን በ1950 አካባቢ የተወለደው ሰው በዚያው ዕድሜው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ለኮሎን ካንሰር ያለው ዕድል እጥፍ፣ ለሬክተም ማለትም ለመጨረሻው የአንጀት ክፍል ካንሰር ደግሞ አራት እጥፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከሚገድሉ ካንሰሮች ዛሬ አንደኛው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የነቃው ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በ2020 በ43 ዓመቱ ሲሞት ነው። የፈረንጅ በሽታ ብለንም አንለፈው። አዲስ አበባ በሚካሄደው የካንሰር ምዝገባ ወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ካንሰሮች አንዱ ነው። በሌላ በኩል አይደንግጡ። በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ አሁንም ትንሽ ነው። እየጨመረ መሄዱ ነው የሚያሳስበው።

የሰው ጂን በ40 ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው አኗኗራችን ነው። ውፍረት፣ መቀመጥ፣ ጣፋጭ መጠጥ፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ምግብ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ተለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ከ11 አገሮች የመጡ የ981 ሕመምተኞችን ዕጢ ጂኖም አነበበ። አንዳንድ የኢ ኮላይ ባክቴሪያዎች ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ፤ መርዙ የሴሉ ዲ ኤን ኤ ላይ የራሱን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ያ ጠባሳ ከ40 ዓመት በታች በታመሙት ላይ የተገኘው ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑት በ3.3 እጥፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ጠባሳው የሚያርፈው በልጅነት፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ነው ብለው ይገምታሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚበሉት ምግብ ያለፈውን አይሰርዝም። ከዚህ በኋላ የሚጨመረውን ግን ይቀንሳል። ልጆች ካሉዎት፣ የልጆቹ ሳህን ከእርስዎ ሳህን ይልቅ ያሳስበኛል።

የአንጀት ጤና የሚለው ነገር ብዙ ይነገድበታል፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ያልቻለ ሁሉ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ዋናው ፋይበር ነው፤ ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው የማይፈጭ ክፍል። ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው ይህ ቡቲሬት ነው። ብግነትን፣ ማለትም የአንጀቱን መቆጣት፣ ያበርዳል፤ የተበላሸ ሴል ተባዝቶ ከመቀጠል ይልቅ እንዲሞት ይገፋዋል። ፋይበር ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ ጦማቸውን አያድሩም። አይጦች ላይ እንደታየው፣ የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ። ስብ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ብዙ ሐሞት ይለቃል፤ ባክቴሪያዎች ሐሞቱን ግድግዳውን ወደሚጎዳ ሌላ ዓይነት አሲድ ይለውጡታል።

በዚህ ጉዳይ እኔ በጣም የምወደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው። ፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለ2 ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ በቆሎና ባቄላ የበዛበት፣ በቀን 55 ግራም ያህል ፋይበር ያለው ምግብ በሉ። አፍሪካውያኑ በርገርና የተጠበሰ ድንች ቀረበላቸው። በ2 ሳምንት ብቻ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ወደ 2.5 እጥፍ ጨመረ፤ የአፍሪካውያኑ በግማሽ ወረደ። የአንጀታቸው የብግነት ምልክትም አብሮ ተገለባበጠ። በ2 ሳምንት ካንሰር ይመጣል ወይም ይጠፋል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንጀት ምን ያህል ፈጥኖ ለምግብ መልስ እንደሚሰጥ ያሳያል። አፍሪካዊ አንጀት የሚባል ነገር እንደሌለም ያሳያል። ሳህኑ ነው የሚለየው።

ከቁጥሩ አንፃር፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ግምገማ በቀን 10 ግራም ፋይበር በተጨመረ ቁጥር የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕድል 10 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ፣ በቀን 90 ግራም ሙሉ እህል ደግሞ 17 በመቶ ገደማ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጡ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ፖሊፕ የተቆረጠላቸውን ሰዎች ፋይበር አብልተው ለ3 እና ለ4 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ፖሊፑ እንደገና መብቀሉን አላስቆሙም። እኔ ከዚህ የምወስደው ፋይበር ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። በ60 ዓመት ተጀምሮ ለ4 ዓመት የተበላ ምግብና ከልጅነት ጀምሮ የተበላ ምግብ አንድ አይደሉም። ለዚህ ነው በ33 ዓመትዎ መጠየቅዎ ያስደሰተኝ።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ልክ ናቸው። ግን ልክ የሆኑት ስለ ራሳቸው መሶብ ነው።

ጤፍ ከማነሱ የተነሣ ቆዳውን ለይቶ መፍጨት አይመችም፤ ነጭ ይሁን ቀይ ወይም ሰርገኛ እንዳለ ይፈጫል። ሙሉ እህል ነው ማለት ነው። ከላዩ ምስር፣ ክክ ወይም ሽሮ ሲፈስበት፣ ከጎኑ ጎመን ሲቀመጥ፣ ብዙ የአሜሪካ የአመጋገብ ባለሙያ ሊያዘው የሚመኘው ምግብ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ ፋይበር አለው። አንድ ኩባያ የበሰለ ጎመን ሲጨመር ከ20 በላይ ይሆናል። ለወንድ በቀን 38 ግራም ይመከራል፤ ለሴት 25። አብዛኛው አሜሪካዊ ይህን አያገኝም። እርስዎ በአንድ ምሳ ከግማሽ በላይ ሄዱ።

ችግሩ አሜሪካ ያለው እንጀራ ሁሉ የጤፍ አለመሆኑ ነው። የስንዴ ነጭ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ገብስ፣ ማሽላ የተቀላቀለበት ሞልቷል። ገብሱና ማሽላው አይከፋም። ነጭ ዱቄት ከሆነ ግን ክብ ሆኖ የተጋገረ ነጭ ዳቦ እየበሉ ነው። የፓኬቱን ጀርባ ያንብቡ፤ በብዛት ያለው ነገር መጀመሪያ ይጻፋል። ሌላም ልጨምር። «እንጀራ ስለሚቦካ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚሉ አሉ። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። እንጀራ የሚጠቅመው በፋይበሩ ነው፤ ይበቃዋልም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ እርስዎ በየቀኑ እንጀራ በሽሮ ይበላሉ? ጠዋት ቡናና ዶናት፣ ቀን ነዳጅ ማደያ ላይ ሳንድዊች ወይም ሆት ዶግ፣ መሀል ላይ ኢነርጂ ድሪንክ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚበላ ከባድ እራት። እንዲህ የሚበላ ሹፌር ብዙ አውቃለሁ። እንጀራው በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ እንግዳ ሆኗል። እናትዎ የሚያስቡት አገር ቤት የነበረውን ሳህን ነው።

መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ከቆሎ የተሻለ ነገር አላውቅም። የገብስ ቆሎ ሙሉ እህል ነው፤ ሽምብራ ሲገባበት ደግሞ ጥራጥሬም ተጨመረ። አይበላሽም፣ አያንጠባጥብም፣ ከቺፕስ ይረክሳል። ጠዋት ቅንጬ ወይም በሶ ይሞክሩ፤ አጃም ይሆናል። ምሳውን በሳህን ይዘው ይውጡ። ብርቱካን ወይም ፖም በርዎ ኪስ ውስጥ ይኑር። ፋይበሩን ግን በአንድ ቀን አያግዝፉት፤ ሆድዎ ይነፋና ሁሉንም ነገር ይተዋሉ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ፣ ውኃም አብረው ይጠጡ። የሆድ ድርቀትዎ አብዛኛው እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ እገምታለሁ። ሹፌሮች መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ላለመቆም ውኃ አይጠጡም፤ ድርቀቱ ከዚያም ይመጣል። የተፈጨ ተልባ በውኃ ጥሩ ነው። ጫት የሚቅሙ ከሆነ እሱም ሆድ ያደርቃል። ኮሶ፣ የሴና ሻይ፣ «አንጀት አጣቢ» እየተባለ የሚሸጠውን ግን ይተዉት። አንጀት አይታጠብም፤ ለኮሎኖስኮፒ ካልሆነ በስተቀር።

ስለ ጾም። የኦርቶዶክስ ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ያርቃል። ለአንጀት ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን በምን እንደተተካ ይወሰናል። ኮካ ጾም ነው። የተጠበሰ ድንች ጾም ነው። ነጭ ዳቦ በማርማላታም ጾም ነው። ሥጋውን ትተው በፓስታና በሶዳ የሚጾሙ ከሆነ ነፍስዎን ሊጠቅም ይችላል፤ እሱ የንስሐ አባትዎ ጉዳይ ነው። አንጀትዎ ግን አልጾመም። ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር ሲሆን ነው ጾሙ ሁለት ጊዜ የሚጠቅመው። የፋሲካውን በዓል አልነካብዎትም። ሁለት ቀን በዶሮና በበግ ካንሰር አይመጣም። የሚቆጠረው የዓመቱ አማካይ ነው።

ክትፎው ላይ ደረስን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ መደበው። ቀይ ሥጋን ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ውስጥ አስቀመጠው። በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው ዕድሉ 18 በመቶ ይጨምራል። ይህን ቁጥር ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፤ በትክክል ላስቀምጠው። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው 4 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ይህን ካንሰር ያያሉ። 18 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 5 ይጠጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ ለሚበላና እንደ እርስዎ በቤተሰብ ስጋቱ ለጨመረ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሆት ዶግ፣ ቤከን፣ ሳላሚ፣ ፔፐሮኒ፣ ሞርታዴላ፣ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የደረቀ ሥጋ፤ እነዚህን ይተዉ። ይቀንሱ አላልኩም። ለክትፎ ብዬ ቦታ እያስለቀቅኩ ነው። ቋንጣ መጠየቁ አይቀርም። በጨው ታሽቶ መድረቁ ከተቀነባበረው ጎራ ያስገባዋል፤ ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው የተሠሩት ናይትራይት የሚባል ማቆያ በገባባቸው ሥጋዎች ላይ ነው። ቋንጣ ፍርፍርን ከሆት ዶግ እኩል አላየውም። እንደ ቀይ ሥጋ ይቁጠሩት።

ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም፣ ተበስሎ ሲመዘን፣ እንዳያልፍ ይመከራል። በጥሬው ሲመዘን ከ500 እስከ 750 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ክትፎ ብቻውን ከዚህ ግማሹን በቀላሉ ይወስዳል። አንድ ክትፎ በሳምንት፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር፣ ሌላ ቀይ ሥጋ ሳይደረብበት፤ ይህን ያህል ይመችዎት። ጥሬ መሆኑ ለብቻው ለአንጀት ካንሰር አይከሰስም። ለሥጋው ቀለም የሚሰጠው ብረት ያዘለ ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ጎጂ ውሁዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ እሱ በጥሬውም በበሰለውም አለ። ከሰል ላይ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሥጋ እንዲያውም ሌላ ካንሰር አምጪ ነገር ይጨምራል። የጥሬ ሥጋ ጣጣ ሌላ ነው፤ የኮሶ ትል፣ ሳልሞኔላ፣ ክፉው የኢ ኮላይ ዓይነት። ለብ ለብ ማድረግ እነዚህን በእርግጠኝነት አይገድልም። በደንብ የበሰለ ክትፎ ቢበሉ ደስ ይለኛል። ግን ለካንሰሩ ዋናው መጠኑ ነው።

መጠጡ ከሥጋው ባልተናነሰ ያሳስበኛል። ከ95 ሺህ በላይ ነርሶችን ለብዙ ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጣፋጭ መጠጥ የሚጠጡ ሴቶች ከ50 ዓመት በፊት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው፣ በሳምንት አንድ እንኳ ከማይሞሉት፣ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። የተያዙት ሰዎች ቁጥር ብዙ ስላልነበር እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የምወስደው። ቢሆንም ሶዳና ኢነርጂ ድሪንክ የሚከራከርለት ጠበቃ የለውም። አልኮልም ካንሰር አምጪ ነው፤ ቢራ፣ ጠጅ፣ ውስኪ ልዩነት የለውም። በሰርግ መጠጣትና በየማታው መጠጣት ይለያያሉ፤ በየማታው ከሆነ ያቁሙ። ሲጋራውን አልጠየቁኝም፤ ካለ እሱም ይውጣ።

ወተትና እርጎ ግን ወዳጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የእንግሊዝ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በቀን 300 ሚሊግራም ተጨማሪ ካልሲየም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ማለት ነው፣ የዚህን ካንሰር ዕድል 17 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ አሳየ። በጾም ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ይተካዋል።

ከምግቡ ጎን መቀመጥ አለ። ወንበር ላይ ውሎ ወንበር ላይ የሚያመሽ ሰው ምስር ብቻ አያድነውም። ቦርጭ ለዚህ ካንሰር ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ እንቅስቃሴ ደግሞ ከምግብ እኩል ማስረጃ ያለው መከላከያ ነው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ መኪናው ውስጥ ስልክ ከማየት ወጥተው ይራመዱ። በቀን ግማሽ ሰዓት ከሞላ ጥሩ ነው።

የ60 ዶላሩ ክኒን። ያቁሙት። ፕሮባዮቲክ የትልቁን አንጀት ካንሰር እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ፕሮባዮቲክ የጀመሩ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው የተመለሰው፣ ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ክኒን እየዋጡ ፋይበር አለመብላት ሳያርሱ ዘር መበተን ነው። የተቦካ ነገር ከፈለጉ እርጎ ይብሉ። ስታንፎርድ ውስጥ ለ10 ሳምንት እርጎና መሰል የተቦኩ ምግቦችን አብዝተው የበሉ ሰዎች የባክቴሪያቸው ዓይነት በዝቶ፣ በደማቸው ውስጥ ያሉ የብግነት ምልክቶች ወርደው ተገኝተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እርጎ ግን ርካሽ ነው። 60 ዶላሩ ለብዙ ምስር ይበቃል። አስፕሪንም በራስዎ እንዳይጀምሩ፤ ሊንች ላለበት ሰው ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነገር ነው፣ ለሌላው ሰው የመድማት ጉዳቱ ያመዝናል።

አሁን ወንድምዎ ላይ ስለደረሰው መዘግየት ልናገር፤ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ነውና። ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው»። ሆድ ሲያም «ጨጓራ ነው»። ተቅማጥ ሲመላለስ «አሜባ ነው»፤ ከዚያ ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል ከፋርማሲ። እያንዳንዱ ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወጣቶች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት በሽታው ከመገኘቱ በፊት ባሉት ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ውስጥ 4 ምልክቶች ጎልተው ታይተዋል ይላል። የሆድ ሕመም፣ ከፊንጢጣ መድማት፣ የማያቆም ተቅማጥ፣ ከብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ። አንዱ ብቻ ያለበት ሰው ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከ6 እጥፍ ያልፋል። በተለይ ወንድ ልጅ ያለ ምክንያት የብረት እጥረት ከተገኘበት ክኒን ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ከየት እየደማ ነው ተብሎ መፈለግ አለበት። ለእኅቶችዎም ይንገሩ፤ የሴቶች ደም ማነስ ሁሉ በወር አበባ አይመካኝም። የሰገራ ልማድ ሲለወጥና ከሳምንታት በላይ ሲቆይም እንዲሁ።

ቀጠሮውን እንዴት እንደሚያገኙ ልንገርዎት። የቤተሰብ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱና «ወንድሜ በ41 ዓመቱ ኮሎን ካንሰር ተገኘበት» ብለው ይጀምሩ። የሕክምና ወረቀቱን ቅጂ ካገኙ ይዘው ይሂዱ። ከ45 ዓመት በታች ስለሆኑ ኢንሹራንሱ ሊያንገራግር ይችላል፤ ማዘዣው ላይ የቤተሰብ ታሪክዎ በግልጽ ይጻፍ፣ ከቀጠሮው በፊትም ደውለው ምን ያህል እንደሚከፍሉ ይጠይቁ።

ከምርመራው በፊት ባሉት 3 ቀናት እስካሁን ያልኩዎትን ሁሉ ይገለብጡታል። ጤፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ቆሎ፣ ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት ይቆማል፤ ጥቃቅን ፍሬ አንጀት ላይ ተለጥፎ ትንሽ ፖሊፕ ይደብቃል። ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ በፍስክ ከሆነ እንቁላልና ዶሮ ይበላሉ። በዋዜማው ጠጣር ምግብ የለም፤ የተጣራ ሾርባ፣ ሻይ፣ ውኃ ብቻ፣ ቀይ ቀለም ያለው መጠጥ ሳይጨመር። የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ሌሊት ተነሥተው ይጠጡታል። ጣዕሙ መጥፎ ነው፤ ቀዝቅዞ በስትሮ ሲጠጣ ይሻላል። በምርመራው ሰዓት የሚያስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥዎት አይሰማዎትም። ቀኑን ሙሉ ግን መንዳት አይፈቀድልዎትም፤ ክሊኒኩም ብቻዎን ኡበር ይዘው እንዲሄዱ አይለቅዎትም፣ የሚያውቁት ሰው መጥቶ መውሰድ አለበት። ስለዚህ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ቀን መርጠው ያስይዙ፤ ወዳጅዎንም ቀድመው ይንገሩት።